የምርጫ ሊቁ ምርጫ

ቦሪስ ቤሬዞቭስኪ ቢሊየነር ከመሆኑ በፊት የሒሳብ ሰው ነበር። ሞስኮ በሚገኘው የቁጥጥር ሳይንስ ተቋም ተቀምጦ ሲያብሰለስል የኖረው ስለ ምርጫ ነው፤ ስለ ድምፅ መስጫው ሳጥን ሳይሆን፣ ሰው ከፊቱ ከሚያልፉት ዕድሎች የትኛውን ይያዝ ስለሚለው። እ.ኤ.አ. በ1984 ከባልደረባው ጋር በዚሁ ላይ መጽሐፍ አሳተመ። ጥያቄው ሲቀልል እንዲህ ነው፤ ለአንድ የሥራ ቦታ መቶ አመልካቾች ተራ በተራ ይገባሉ። እያንዳንዱን እዚያው ትቀጥራለህ ወይ ታሰናብታለህ። ያሰናበትከውን መልሶ መጥራት የለም። ስሌቱ የሚለው፣ የመጀመሪያዎቹን 37 ያህል ዝም ብለህ እይ፤ ከዚያ ወዲያ ከእነሱ ሁሉ የሚበልጥ ሲመጣ አትልቀቀው።

ይህን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው እንግዲህ። ከሌሎቹ ኦሊጋርኮች ይልቅ የእሱ ታሪክ የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

ገንዘቡ አይቆጨኝም፤ እንደ አመጣጡ ሄደ። በ1989 ሎጎቫዝ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ በቶሊያቲ የሚሠሩትን ላዳዎች ይቸበችብ ጀመር። ሩብል በየቀኑ በሚወርድበት ዘመን መኪናውን ዛሬ ወስዶ ዋጋውን ቆይቶ መክፈል ብቻውን ያከብራል። በ1994 መኪናው ላይ የተጠመደ ቦምብ ሾፌሩን ሲገድል እሱ ተቃጥሎ ተረፈ። በ1995 መጨረሻ የነዳጅ ኩባንያው የሲብኔፍት 51 በመቶ በ100.3 ሚሊዮን ዶላር እሱና ወጣቱ ሮማን አብራሞቪች ባሉበት ወገን እጅ ገባ። ከ10 ዓመት በኋላ ጋዝፕሮም ለ73 በመቶ ያህሉ 13 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። በዚህ የሩሲያ ጡረተኛ ይቆጭ፤ መብቱ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ቴሌቪዥኑ ነው።

የሶቪየቱ አንደኛ ቻናል ከካሊኒንግራድ እስከ ቭላዲቮስቶክ በየቤቱ የሚገባ ነበር። በ1995 ኦአርቴ ተብሎ ሲደራጅ 51 በመቶው የመንግሥት፣ 49 በመቶው የግል ሆነ፤ የሚያዝበት ግን ቤሬዞቭስኪ ነበር። ሰባ ዓመት ሙሉ እየተመረጠ የተነገረው ሕዝብ፣ ሳንሱሩ በተነሳ ማግስት፣ ከተከፈተ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ለአንድ ሰው ከዚህ የበለጠ ዕድል ምን ይመጣለታል?

በ1996 ፕሬዚዳንት የልሲንን ለማስመረጥ አዋለው። ይሁን፤ የኮሚኒስቶቹ መመለስ አስፈርቶት ነበር ብለን እንለፈው። በ1999 መጸው የተደረገውን ግን ማለፍ አልችልም። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ዬቭጌኒ ፕሪማኮቭ ለክሬምሊን ሰዎች አስጊ ተፎካካሪ ሆነው ነበር፤ የዳሌ ቀዶ ሕክምና አድርገዋል። የኦአርቴው ሰርጌይ ዶሬንኮ በእሑድ ፕሮግራሙ የዳሌ ቀዶ ሕክምና ምን እንደሚመስል ለአገር አሳየ፤ የተከፈተ ሥጋ፣ ደም፣ አጥንት፣ ለዚያውም ቤተሰብ ተሰብስቦ በሚያይበት ሰዓት። ትርጉሙ ግልጽ ነበር፤ እኚህ ሽማግሌ አይሆኑላችሁም። ፕሪማኮቭ ከፕሬዚዳንትነቱ ውድድር ወጡ። መንገዱ የተጠረገለት ቭላድሚር ፑቲን ገባ።

ከዚያ የ2000 ነሐሴ መጣ። ኩርስክ የተባለው ሰርጓጅ መርከብ 118 ሰው ይዞ ሰመጠ፤ ፕሬዚዳንቱ ሶቺ ዕረፍት ላይ ናቸው። ኦአርቴ ያኔ ነው ቴሌቪዥን የሆነው። ባሎቻቸውን ያጡትን አናገረ፤ ለምን ዘገያችሁ፣ ለምን ዋሻችሁን ብሎ ጠየቀ። ለካ ይችሉበት ኖሯል! አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይኸው ነው፤ መቻላቸው። ግን ትናንት የሰው ዳሌ ሲያሳይ የነበረ ጣቢያ ዛሬ ስለ እናቶች እንባ ቢናገር ከፑቲን ጋር የተጣላ ባለቤት ኩርፊያ ነው ለማለት አያስቸግርም። በመስከረም የዶሬንኮ ፕሮግራም ተዘጋ። ዓመቱ ሳያልቅ ቤሬዞቭስኪ አገር ለቆ ወጣ፤ የቴሌቪዥን ድርሻውም ለአብራሞቪች ተላለፈ።

በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ዓቢይ ጾም ሊገባ ሲል በዋዜማው እሑድ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ይቅርታ ይጠያየቃል። በ2012 በዚያው ዕለት ቤሬዞቭስኪ ከለንደን ሆኖ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ፤ ስለ ስግብግብነቱ፣ ፑቲንን ለሥልጣን ስለማብቃቱም። ከልቡ ይሁን አይሁን አልፈርድም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ከ3 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ጠይቆ አብራሞቪችን የከሰሰበት ክርክር ውድቅ ሆነ። ዳኛዋ ኤልዛቤት ግሎስተር ቃሉ የማይታመን ምስክር አሉት፤ እውነት ለእሱ እንደ ጉዳዩ የምትታጠፍ ናት ሲሉም ጻፉ። የኦአርቴን የእሑድ ፕሮግራም ያየ ሰው ይህን ለመረዳት የለንደን ፍርድ ቤት አያስፈልገውም ነበር።

መጋቢት 2013 ለአንድ ጋዜጠኛ የኑሮ ትርጉም እንደጠፋበት፣ የሚፈልገው ወደ ሩሲያ መመለስ ብቻ እንደሆነ ነገረው። በማግስቱ አስኮት ባለው ቤት ሞቶ ተገኘ፤ 67 ዓመቱ ነበር። የአሟሟቱ መርማሪ ራሱን ገደለም፣ ገደሉትም ለማለት ሳይደፍር ፋይሉን ዘጋ። በግንቦት ከለንደን ወጣ ብሎ ብሩክዉድ ቀበሩት።

ሞስኮ ላይ አንደኛው ቻናል ማታ በ3 ሰዓት ዜናውን ያነባል። የሚያዝበት ክሬምሊን ነው።