ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቦታ

ድረ ገጽ መሥራት የወጣቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ይህን ጽሑፍ እንዳታልፉት። ጌይ ጋር የሚባለውን የሐረሪዎች ቤት ያየች እመቤት የሥራው ግማሽ ገብቷታል ማለት ይቻላል። በዋናው ክፍል ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች አሉ፤ አሚር ነደባ የአባወራው መቀመጫ ነው። ስፌቱና ሳህኑ በግድግዳው ላይ በረድፍ ይሰቀላል። ሁሉም ቦታውን ስለሚያውቅ፣ እንግዳ ሲመጣ የዕቃ ፍለጋ ሩጫ የለም።

በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው ጀጎል ውስጥ ስፌት የሚሰፉ እናቶችን አነጋግሬ ነበር። የአንደኛዋ ልጅ ሥራቸውን ለገዢ የሚያሳይ ድረ ገጽ ጀምራለች። ይሁን እንጂ ፎቶግራፎቹ ስልኩ በሰጣቸው ቁጥር እየተጠሩ በአንድ ቦታ ተከምረው ነበር። አንድ ገዢ ዋጋ ሲጠይቅ ሁለት እናቶች «የኔ ነው» አሉ። ስንት ቀን የተደከመበት የእጅ ሥራ ባለቤቱ ሲያከራክር ማየት ያሳዝናል።

ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀትና እርሳስ ያዙ። በመጀመሪያ ለድረ ገጹ አንድ ዋና ፎልደር ይኑር። በውስጡ የመግቢያው ገጽ ይቀመጣል፤ በተለምዶ ኢንዴክስ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሰርቨሩ ለእንግዳ አስቀድሞ የሚከፍተው እርሱን ነው። ከዚያም ለፎቶግራፎች አንድ ፎልደር፣ ቀለሙንና የፊደሉን መልክ ለሚወስነው ፋይል ሌላ ፎልደር ይዘጋጅ። በፎቶግራፎቹ ፎልደር ውስጥ ደግሞ ለእያንዳንዷ ሰፊ የራሷ ይኑራት።

የፋይል ስም በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ ቃላቱን በሰረዝ በማያያዝ ቢጻፍ ይመረጣል። ምክንያቱም በቤት ኮምፒዩተር ላይ ትልቁና ትንሹ ፊደል እንደ አንድ ሲቆጠር፣ ብዙዎቹ ሰርቨሮች ግን ይለዩአቸዋል፤ በቤት የታየው ሥዕል በኢንተርኔት ላይ የሚጠፋው አንዳንዴ በዚህ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ስምም አድራሻው ሲገለበጥ የማይነበብ የምልክትና የቁጥር ድርድር ሊሆን ይችላል።

ሌላው ዋና ነገር፣ ገጹ ሥዕሉን በውስጡ አይዝም፤ የሚይዘው አድራሻውን ብቻ ነው። ጎረቤት ሳትነግረን ቤት ብትለቅ የቀድሞ በሯን በከንቱ እንደምናንኳኳ ሁሉ፣ ፋይሉ ከተዛወረ ገጹም ባዶ ቦታ ያሳያል። አድራሻውም ከድረ ገጹ ፎልደር ተነሥቶ ይቆጠር እንጂ ከራሳችሁ ኮምፒዩተር አይሁን፤ የእናንተን ኮምፒዩተር እንግዳው ሊከፍተው አይችልምና።

እናቶችና ሠራተኞች ሆይ፤ ይህ ከአንድ ከሰዓት በኋላ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ልጆቻችሁ ቁልፉን ይምቱ፤ የቱ የት ይቀመጥ የሚለውን ግን እናንተ ወስኑ። ሲያበቃም የፎልደሩን ቅጂ በፍላሽ ላይ አኑሩ።