ጥር 23፣ ከነቤተሰብ ወደ እንጅባራ



ጥር 23 ሩቅ አይደለም። ከጥምቀት በኋላ 12 ቀን ቁጠሩ፤ ደረሰ ማለት ነው። በዚያ ቀን እንጅባራ ላይ የፈረስ በዓል ይከበራል። በአዊ ተወልዶ ስለዚህ በዓል ያልሰማ የለም። ያየው ግን ማን ነው? ብዙ ጊዜ ወንዱ ፈረሱን ጭኖ ይሄዳል። ሴቷ ከቤት ትቀራለች። ልጆች ወሬውን ብቻ ይሰማሉ። አሮጊቶችማ «በእኛ ጊዜ» እያሉ ከምድጃ ዳር ያወራሉ። ዘንድሮ ግን ዳንግላ አጠገብ በምናስተምርበት ቀበሌ፣ በማታው ትምህርት ላይ «ለምን ሁላችንም አንሄድም?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ያነሡት እናቶች ናቸው። ጥያቄው ደስ ስላለን ስለ ጉዞው ይህን ጻፍን።

አስቀድሞ ስለ በዓሉ ጥቂት እንበል። በዓሉን የሚያዘጋጀው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ በሉ። ጣሊያን ከአገራችን ገና አልወጣም ነበር። በዚያ ክፉ ዘመን የአገው ሰዎች ተሰባስበው የዓድዋን ድል የሚያስቡበት ማኅበር አቆሙ። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። 23 የጊዮርጊስ ቀን ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ በሥዕሉ ሁሉ በፈረስ ላይ ነው። ጥር 23ም እንደዚሁ የጊዮርጊስ ቀን ነው።

ወደ ዓድዋ የዘመተው ሰው ብቻ አይደለም። ፈረስም ዘምቷል፤ ፈረስም ሞቷል። ለሰው ሐውልት ይቆማል። ለፈረስስ ማን ያቆምለታል? በየዓመቱ ፈረስን አስጊጦ ሜዳ ላይ ማውጣት፣ ለእኛ እንደ ሐውልት ነው።

ዛሬ ማኅበሩ ከ50 ሺህ በላይ አባላት አሉት። ሥራውም የአንድ ቀን በዓል ብቻ አይደለም። አባል ሲሞት ፈረሰኞቹ ይሸኙታል። ሠርግ ያደምቃሉ። የተጣላ ያስታርቃሉ። ጥር 23 ሲሆን ደግሞ ፈረሶቹ ግላስ ለብሰው፣ በልጓምና በኮርቻ አጊጠው ይመጣሉ። ስግሪያ አለ፤ ግልቢያ አለ፤ ጉግስ አለ። በአዊኛም በአማርኛም ይዘፈናል። አቧራው ሰማይ ይነካል።

ታዲያ የከተማ ሰው እንስሳ ለማየት ገንዘብ እንደሚከፍል ታውቃላችሁ? አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ላይ በ1940 ዓ.ም. አንበሳ ግቢ ተቋቋመ። ወላጆች እሁድ እሁድ ልጆቻቸውን ይዘው፣ ቲኬት ቆርጠው፣ አንበሳውን በብረት ፍርግርግ ውስጥ ያዩ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ አንድነት ፓርክ ተከፈተ። እዚያም ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች አሉ። በውጭ አገር ከዚህም ያለፈ ነገር አለ። ልጆች የእንጨት ፈረስ ላይ ይቀመጣሉ። በሞተር ይዞራል፤ ደውል ሲደወል ይቆማል። የእንጨት ፈረስ አይደክመው፣ አይደነግጥ፣ አይራገጥ!

እንዲህ ባለው ቦታ አጥር አለ። በር አለ። «አትጠጉ» የሚል ጽሑፍ አለ። ለጎብኚው አስቀድሞ ሌላ ሰው አስቦለታል። እንጅባራ ላይ ግን በዓሉ የሚከበረው በሰፊ ሜዳ ነው። አስተባባሪዎች ቢኖሩም በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የእያንዳንዱን ልጅ እጅ የሚይዝ የለም። ስለዚህ ማሰቡ በእኛው ላይ ይወድቃል። ከቤት ሳንነሣ ማሰብ አለብን።

ከተማሪዎቻችን መካከል አንድ ባልና ሚስት አሉ። ሦስት ልጆች አሏቸው። የባልየው እናትም አብረዋቸው ይኖራሉ። አንድ ዳማ ፈረስ አላቸው። ይህ ፈረስ ዓመቱን ሙሉ እህል ይጭናል፤ በእርሻ ጊዜም ያርሳል። ባልየው ዳማውን ይዞ ሜዳ ለመግባት ቆርጦ ነበር። ሚስቱ ልጆቹን ለማሳየት ፈለገች። እናትየው ምንም አላሉም። ዝም ያሉት መሄድ ስላልፈለጉ አይደለም። «ለእኔ ማን ቦታ ይሰጠኛል» ብለው ነው። ይህን በኋላ ነው ያወቅነው።

ከእኛ ከአስተማሪዎቹ አንዱ የእንስሳት ሕክምና ይማራል። አንድ ቀን ፈረሱን እንዲያይላቸው ጠሩት። ትልቋ ልጅ ፈረሱን ስታሻሽ ጀርባው ላይ ነክታው ሸሽቷት ነበርና። ኮርቻው ሲነሣ ነገሩ ታየ። ዳማው ተገጥቧል። የመዳፍ ያህል ቁስል ነው፤ አልደረቀም። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ጨርቅ ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል።

ባልየው «ትንሽ ነገር ነው፤ ጨርቅ ደርቤ እጭነዋለሁ» አለ።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው። ፈረስ ሳይጋልብ በእርምጃ ቢሄድ በአንድ ሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። 40ን ለ6 ብናካፍል ወደ 7 ሰዓት ይሆናል። ከመንገዱ አጋማሽ አልፎ አዲስ ቅዳም ላይ ውኃና ዕረፍት ያስፈልገዋል። ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ ፈረሰኛው ጥር 22 ይነሣል፤ እንጅባራ ያድራል፤ በማግስቱ ሜዳ ላይ ይውላል፤ ከዚያ ይመለሳል። ሄዶ መመለሱ 80 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ሁሉ ሰው ተቀምጦበት ነው። ጤነኛ ፈረስ ይችለዋል። ገጣባ ፈረስ ግን ቁስሉ እስከ አጥንት ይዘልቃል። ጨርቅ መደረብም አያድነውም፤ የሚጫነው ያው ክብደት ነው።

ይህ ሁሉ ተነገረው። አልተዋጠለትም። «ፈረሴን ሳልይዝ ከባልንጀሮቼ መካከል ምን ብዬ እቆማለሁ?» አለ። ልክ ነው፤ የክብር ነገር ነው። እኛም በዕድሜ ታናሾቹ ነንና ከዚህ በላይ ለመናገር ከበደን።

ያን ጊዜ እናትየው ከምድጃው ዳር ሆነው «አንተ ልጅ» አሉት። «አባትህ ገጣባ ፈረስ ይዞ ሰው ፊት ቆሞ አያውቅም። አንድ ዓመት ቀረ። ‹ፈረስህስ?› ሲሉት ‹ታሟል› አለ። ማንም አልሳቀበትም።»

ባልየው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እሺ እማ፣ ይቅር» አለ። ቀጥሎ ደግሞ «እንግዲያውስ እኔም በመኪና ከሄድሁ እርስዎም ይምጡ» አላቸው። እናትየው ነጠላቸውን አስተካከሉ እንጂ አልመለሱለትም። ሚስቱ ግን የገባት መሰለን፤ ወዲያው የሚሄደውን ሰው መቁጠር ጀመረች።

ዳማው በዚያ ወር ኮርቻ አይነካውም። ቁስሉ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃና በጥቂት ጨው ይታጠባል። ዝንብ እንዳያርፍበት ይጠበቃል። ካልሻረ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ፈረስ ላላችሁ ሁሉ አንድ ነገር እንጨምር። ቆዳው ላይ ተራ በተራ እያበጠ የሚፈነዳና መግል የሚያዥ ቁስል ያለበት ፈረስ ካላችሁ፣ ከቶ ወደ በዓሉ አትውሰዱት። ይህ በሽታ ተላላፊ ነው። በዝንብ ይተላለፋል፤ በኮርቻና በልጓም መዋዋስም ይተላለፋል። በዓል ሲሆን ዕቃ መዋዋስ ይበዛል። በሽተኛውን ፈረስ የነካ ዕቃ ጤነኛውን ይጨርሳል። ለወንድምም ቢሆን አታውሱ። ይቆጣ፤ ኋላ ያመሰግናችኋል።

አሁን ወደ ጉዞው እንመለስ። ከሁሉ አስቀድሞ መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቁ፤ ከዚያ የመኪናውን ዋጋ ጠይቁ። የአንዱን ሰው ዋጋ በሰው ቁጥር አባዙ። መመለሻውን አትርሱ፤ ሁለት ጊዜ ነው የሚከፈለው። ብዙ ሰው ሲሄድ ገንዘቡን፣ ሲመለስ ደግሞ ማታ መናኸሪያ ላይ መቆሙን ያየዋል። በዓል ሲበተን ሁሉም በአንድ ጊዜ መኪና ይፈልጋል። ሽማግሌና ሕፃን የያዘ ቤተሰብ ጉግሱ ሳያልቅ ቢነሣ ይሻለዋል። ልጆቹ ያለቅሳሉ፤ ያልቅሱ። በመናኸሪያው የመኪናውን ታፔላ አንብቡ። «ዳንግላ» የሚለውን ቃል አሁን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ረዳቱን መጠየቅ የለባችሁም።

እንጅባራ ከዳንግላ ከፍ ያለ አገር ነው። የጥር ጧት ይበርዳል፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ነው። ለልጅም ለአሮጊትም ጋቢ ያዙ። ቅቅል ድንች፣ ዳቦ፣ ቆሎ ይበቃል። ውኃ ከቤት ያዙ። የሜዳ ውኃ ለልጅ አትስጡ።

ከሜዳው ስትደርሱ የት ትቆማላችሁ? እኛን የሚያስጨንቀን ይህ ነው። ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ በአንድ ሴኮንድ ከ10 ሜትር በላይ ያልፋል። «አንድ፣ ሁለት» እስክትሉ 20 ሜትር ሄዷል። ልጅ ኳሱን ወይም ጓደኛውን ብሎ ወደ መሮጫው ቢገባ፣ ፈረሰኛው ቢያየው እንኳ ማቆም አይችልም። ስለዚህ ከመሮጫው ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጉ። ከዚያ ሁሉም ይታያል። ወደ ፊት የሚገፋ ሕዝብ አለ፤ አትከተሉት።

የቆመ ፈረስም ቢሆን መጠንቀቅ ነው። የፈረስ ዐይን በጎንና በጎን ነው። ከበስተኋላው የሚመጣውን አያይም። ድንገት ሲሰማው ይራገጣል። ልጆቻችሁ ቤት ያለውን ፈረስ ስለለመዱ ሁሉም ፈረስ እንደሱ ይመስላቸዋል። ያኛው ግን አያውቃቸውም። በዚያ ላይ ከበሮና ጩኸት አስደንግጦታል። ፈረስ መንካት የፈለገ ልጅ ባለቤቱን ያስፈቅድ፤ በግራ ትከሻው በኩል ይጠጋ፤ እያናገረ ይጠጋ።

ልጅ ቢጠፋስ? በየበዓሉ ልጅ ይጠፋል። ሕፃን «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል «የአባቴ» ይላል። ወይም ደንግጦ ያለቅሳል። እናንተ ግን ዘንድሮ መጻፍ ችላችኋል። በቁራጭ ወረቀት ላይ የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ ወረዳውንና ቀበሌውን ጻፉ። ስልክ ካላችሁ ቁጥሩን ጨምሩ። ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በልጁ ኪስ ውስጥ ስፉት። ፊደሉ ባያምርም ምንም አይደለም፤ መነበቡ ይበቃል። ትልልቆቹ ደግሞ ብንጠፋፋ የምንገናኝበት ቦታ ይኸ ነው ብለው አንድ ዛፍ ወይም አንድ ሱቅ ይምረጡ።

አንዳንዶቻችሁ «ዘንገናንስ?» ብላችሁናል። ዘንገና ሐይቅ ከእንጅባራ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ክብ ነው፤ ዙሪያውን ደን ነው፤ ጦጣም አለበት። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ነው ውኃ የሞላው። ከ150 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ማየት ግሩም ነው። ነገር ግን ለዳንግላ ሰው መንገዱ በተቃራኒ ነው። በአንድ ቀን በዓሉንም ሐይቁንም ካላችሁ ጨለማ ያገኛችኋል። ዳሩም ገደል ስለሆነ ለደከመ ልጅ አይሆንም። ለሌላ ቀን ይቆይ እንላለን።

ያ ቤተሰብ ጉዳዩን ጨርሷል። ጎረቤታቸው ላሟን ታልብላቸዋለች፤ ቤቱንም ትጠብቃለች። እነሱ ደግሞ የእሷን ልጅ ይዘውላት ይሄዳሉ። ሚስትየዋ ባለፈው ሐሙስ ማታ አንድ ወረቀት አምጥታ «መምህር፣ እስቲ ፊደሉን እዩልኝ» አለችን። በእርሳስ ራሷ የጻፈችው ነው። ሁለት ፊደል አረምንና መለስንላት። እንዲህ ይላል፦

«ሰው 7። ወንበር 6፤ ትንሹ በጭን።
ዳቦ 3። ድንች። ውኃ 1 ጀሪካን።
ጋቢ 2።
ወረቀት ለልጆች 4።
ለዳማው ሣርና ውኃ፣ ለጎረቤት መንገር።
እማማ ከፊት ወንበር።»