ባዶ ነው

ባለፈው የሸዋል ኢድ ማግስት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም፣ ከእህቴ ልጅ ጋር መኪና ግርግርን ቁልቁል እየወረድን ነበር። መኪና ግርግርን ለማታውቁት፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጀጎል ውስጥ የሚዘልቅ፣ ግራና ቀኙን ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት ጠባብ መንገድ ነው። ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናው ድምፅ ነው። እናላችሁ፣ ስምንት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ከቅያሱ ዘልሎ ወጣና ጥቁር ሽጉጥ ፊታችን ላይ ደገነ።

"እጅ ወደ ላይ!"

እኔ ሳቅሁ። የእህቴ ልጅ ግን እኔን በክርኑ ገፍቶ ከግድግዳው ጋር አጣብቆኝ፣ እሱ በአንድ ጉልበቱ ወርዶ ነበር። ቀኝ እጁ ወገቡን ያዘ፤ ምንም የሌለበትን ወገቡን። ልጁ የሰውየውን ፊት አይቶ ደነገጠና ሽጉጡን ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው ተንከተከቱ። "አቦ! ዲያስፖራውን ማረከው!" አለ አንዱ። እሱ ግን አልሳቀም። የወደቀውን ፕላስቲክ አነሳና አገላብጦ አየው። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር።

ማታ ቡና ላይ ጠየቅሁት። መቼም የሠላሳ አምስት ዓመት ጎልማሳ በልጅ መጫወቻ እንዲያ ሲሆን ዝም አይባልም።

"ጋሼ፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሱቅ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ሲሠራ ዘራፊ ገብቶበት ነበር። ከዚያ በኋላ በሕግ ተመዝግቦ ሽጉጥ ገዛ። ሽጉጥ መግዛት ቀላል ነው፤ መቻል ነው ጣጣው። ጥይት ውድ ነው፣ የተኩስ መለማመጃው ሥፍራ ሩቅ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀን ቀን ይተኛል። ስለዚህ ኤርሶፍት የሚሉትን ገዛ። ቅርጹም መጠኑም ክብደቱም ከእውነተኛው ጋር አንድ የሆነ፣ በባሩድ ፋንታ በስፕሪንግ፣ በጋዝ ወይም በባትሪ ጉልበት እየሠራ 6 ሚሊ ሜትር የሆነች የፕላስቲክ ፍሬ የሚተፋ ሽጉጥ ነው። አንዷ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ 0.20 ግራም ትመዝናለች። ብልሃቱ የጃፓኖች ነው። የሀገራቸው ሕግ ሽጉጥን በሲቪል እጅ ስለማያስገባ፣ የሽጉጥ ፍቅር የያዛቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የማይገድለውን ሠርተው አረፉት። መንግሥታቸው ለዚያም ልጓም አበጅቶለታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የዚያች ፍሬ ጉልበት ከአንድ ጁል ትንሽ ዝቅ ያለ ወሰን ተደርጎለታል።

እህቴ ልጅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ካርቶን ላይ ኢላማ ተለጥፏል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ ግማሽ ሰዓት ይለማመዳል። መጀመሪያ እውነተኛው ሽጉጥ ፎቅ ላይ ካዝና ውስጥ ይቆለፍበታል፤ ጥይት የሚባል ነገር ምድር ቤት አይወርድም። የዓይን መከላከያ መነጽር ያደርጋል። ከዚያ ከወገቡ ማውጣት፣ መጨበጥ፣ ማነጣጠር፣ ቃታውን ሳያናውጡ መሳብ፣ መልሶ ማስገባት ነው።

"ታዲያ ያው ይሆናል?" አልኩት።

"አይሆንም። ያኛው ሲተኮስ ክንድህን ይነቀንቀዋል፣ ጆሮህን ያደነቁርሃል። ይሄ እሱን አያስተምርም። ይሄ የሚያስተምረው ጣትን ነው።"

ጣቱን አሳየኝ። አመልካች ጣቱ ከቃታው ውጪ፣ በሽጉጡ ጎን ተዘርግታ የምትቀመጥበትን ቦታ በባዶ እጁ ሠራልኝ። አራት ሕግ አለ አለ። ጄፍ ኩፐር የሚባል፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል እግረኛ መኮንን የነበረ የተኩስ አስተማሪ ያስፋፋው ነው። መሣሪያ ሁሉ ሁልጊዜ ጥይት አለበት ብለህ ያዘው። ልታጠፋው ወዳልፈለግኸው ነገር አፈሙዙን አታዙር። ካላነጣጠርህ በቀር ጣትህን ቃታ ላይ አታሳርፍ። የምትመታውንም፣ ከሱ ኋላ ያለውንም እወቅ።

"መጫወቻው ላይም?" ስለው፣ "በተለይ መጫወቻው ላይ። እጅ መጫወቻና እውነተኛ ለይቶ አያውቅም። ያስለመድከውን ነው የሚያደርገው" አለኝ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ትሉ የለ? ያንን በእንግሊዝኛ ተምሮ መጥቷል።

መኪና ግርግር ላይ ለምን እንደበረገገም ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 በኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ፣ ታሚር ራይስ የተባለ የ12 ዓመት ልጅ መናፈሻ ውስጥ ኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የመጫወቻ ሽጉጥ አፈሙዝ ብርቱካናማ ምልክት እንዲኖረው በሕግ ታዟል፤ በልጁ ሽጉጥ ላይ ግን ምልክቱ አልነበረም። የፖሊስ መኪና ደረሰ፤ በሁለት ሰከንድ ገደማ ውስጥ ተኮሱበት። በማግስቱ ሞተ። "ያን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም" አለኝ የእህቴ ልጅ፤ "ዛሬ ከፖሊሱም ከልጁም ወገን ቆሜ የነበርኩ መሰለኝ።"

በነጋታው ራምቦ ቤት ወሰድሁት። ሐረር መጥቶ ራምቦ ቤት ያልገባ እንግዳ የለም። ቤቱን የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ባለቅኔው ከሞተ በኋላ ነው የተሠራው፤ ግን ምን ይደረግ፣ ስሙ አንዴ ወጥቶለታል። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርሁባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ ሁሌ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ በሃያ አንድ ዓመቱ ግድም ግጥምን እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው ሐረር ምን ሊሠራ መጣ? ቡናና ቆዳ ሊነግድ ነበር የመጣው፤ ኋላም መሣሪያ። እ.ኤ.አ. በ1886 መገባደጃ ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ሸዋ ደረሰ። ጠመንጃዎቹ አውሮፓ ያረጀባት ነበሩ። ምኒልክ ሐረርን በያዙ ማግስት ስለነበር ሂሳቡ እዚሁ ከመኮንን ዘንድ እንዲከፈለው ተላከ።

የእህቴ ልጅ ፎቶዎቹን እያየ፣ "ሲሸጥላቸው አያያዙን አስተምሯቸው ነበር?" አለ።

ለሃያ ዓመት ያን ሰውዬ ሳስተምር ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። እውነት ነው፤ መሣሪያው ሲመጣልን ስሙን አማርኛ ለማድረግ አልሰነፍንም። የፈረንሳዩን ፉዚል ግራ ውጅግራ አልነው፤ ለቤልን ለበን፣ ማንሊኸርን ምንሽር። ፎከርንበት፣ ለሰርግ ተኮስነው፣ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። በዚህችው ከተማ ሕንዳውያን መኮንኖች ያስተምሩበት የነበረ የጦር አካዳሚ ነበር፤ ዕጩ መኮንኑ መሣሪያን በሥርዓት ይማር ነበር። ሥርዓቱ ግን ከግቢው አጥር አልወጣም። ወደ ቤታችን የመጣው ጠመንጃው ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ አንተስ ተኩሰህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም" አልሁት።

ዋሸሁት። ይህን የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

በ1970 ዓ.ም. አሥር ዓመቴ ነበር። ጅጅጋ በመስከረም ተይዛለች። ከኅዳር ጀምሮ የሶማሊያ ጦር ሐረር ደጃፍ ደርሶ የመድፉ ድምፅ ከሐኪም ተራራ ወዲያ ይሰማ ነበር። ታዲያ የሰፈር ልጆች ሌላ ምን እንጫወታለን? ከባሕር ዛፍ ጠመንጃ ጠረብን። ቃታው ምስማር ነው፣ ማንገቻው የካላማዳሪያ ጎማ። ግማሾቻችን ወገን፣ ግማሾቻችን ጠላት። ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ እንታኮሳለን፤ "ጧ!" ይባላል፣ የተመታው ይወድቃል፣ እስከ አሥር ቆጥሮ ይነሣል። አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ እንደሱ አሳምሮ የሚሞት አልነበረም። ደረቱን ይይዛል፣ ይንገዳገዳል፣ ይዘረራል። እኔ ደግሞ ተኳሽ ነበርሁ፤ ደረቱን ነበር የማነጣጥረው። በቀን ሃያ ጊዜ ገድዬዋለሁ።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ተከራይ ነበረን፤ የቀበሌ አብዮት ጥበቃ። አንድ ቀን ጠዋት ከሌሊት ጥበቃ ገብቶ፣ ካርባይኑን ከበሩ ኋላ አስደግፎ፣ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ወጣ። ካዝናውን ነቅሎ አልጋው ላይ አኑሮታል። አየነው። "ባዶ ነው" አልሁ እኔ። ካዝና የተነቀለ ጠመንጃ ምን ሊሆን ነው? አንድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ጎርሶ ሊቀር እንደሚችል የነገረን ሰው አልነበረም። የእንጨት ጠመንጃ በርሜል የለውማ።

ጓደኛዬ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። እኔም እንደ ልማዴ ደረቱ ላይ አነጣጠርሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ተናድጄም አይደለም። እጄ የሚያውቀው ያንን ነበር።

ያዳነው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ችኮላው። ገና ቃታውን ሳልስበው፣ "ጧ!" እስክል አልጠበቀም፤ ደረቱን ይዞ ወደቀ። ከዚያ ነው ጥይቱ የወጣው። ደረቱ በነበረበት ቦታ አልፎ የማዶውን ጭቃ ግድግዳ በሳ። እሱ መሬት ላይ እንደተኛ መቁጠር ጀምሯል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ጆሮዬ እየጮኸ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ።

ተከራያችን ፊቱ ሳሙና እንደሆነ ሮጦ ገባ። ጠመንጃውን ከእጄ ነጠቀኝ፣ ሁለታችንንም ዳሰሰን፣ ከዚያ በጓሮ በር ገፍቶ አስወጣን። ከቀበሌ ሰዎች ሲመጡ፣ "ሳጸዳ ባረቀብኝ" አላቸው። በዚያ ጊዜ ጥይት ማባረቅ ቀልድ አልነበረም። መሣሪያውን ተቀበሉት። በጥር ወር ከዘማቾች ጋር ሄደ። በዚያች ጥይት ምክንያት ይሁን፣ ያለዚያም መሄዱ የማይቀር ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ ነጻ ስትወጣ እናቴ ክፍሉን ጠርጋ፣ አልጋውን አንጥፋ ጠበቀችው። አልመጣም።

ለእናቴ አልነገርኋት። ሳልነግራት አረፈች።

እንግዲህ ወደ መኪና ግርግሩ ልጅ ልመለስ። በኢድም በገናም ሰሞን ሸዋ በር ገበያ ብትወጡ እነዚያ የፕላስቲክ ሽጉጦች ከብስኩቱና ከፊኛው ጎን ተሰቅለው ታገኟቸዋላችሁ። ቢጫ ፍሬ ይተፋሉ። ዓምና የጎረቤታችን ልጅ፣ የሰባት ዓመት ሕፃን፣ ዓይኗን ተመትታ ሁለት ሳምንት ተሸፍኖ ከርሟል። ተርፋለች፤ ግን ያ ዓይኗ እንደ ድሮው አያይም። የመታት የአጎቷ ልጅ ነው፤ ሲያለቅስ "ያለቀ መስሎኝ ነው" ይል ነበር። ቃሉን አወቅሁት። "ባዶ ነው" ማለቱ ነው።

ይከልከል የሚሉ አሉ። አልቃወምም፤ ለሕፃን ዓይን ሲባል ቢከለከል ደስ ይለኛል። ግን ይሄ ብቻ የሚበቃ አይመስለኝም። የእኛን የባሕር ዛፍ ጠመንጃ ማን ሊከለክለው ይችል ነበር? ለእውነተኛው መሣሪያማ አዋጅ ወጥቶለታል፤ ቁጥር 1177/2012። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በሀገራችን ምን ያህል ቤት መሣሪያ እንደገባ ግን ሁላችንም እናያለን። ዛሬ ከበር ኋላ የተደገፈ ጠመንጃ በዚያ ቤት ላለ ልጅ ብርቅ አይደለም። ያ ልጅ ጠዋት በፕላስቲኩ ምን ሲለማመድ ነው የዋለው? ጥያቄዬ ይህ ነው። የእህቴ ልጅ ምድር ቤቱ ውስጥ በመጫወቻ የተለማመደው አለመተኮስን ነው፤ አፈሙዝ መመለስን፣ ጣት መሰብሰብን፣ ባዶ ነው አለማለትን። እኔ በመጫወቻ የተለማመድሁት ጓደኛዬን መግደል ነበር። ሁለታችንም ጎበዝ ተማሪዎች ነበርን።

የእህቴ ልጅ ሊሄድ ሲል ያን ልጅ አፈላልጎ አገኘው። ሽጉጡን ሊመልስለት መስሎኝ ነበር። ደረጃ ላይ አጠገቡ አስቀመጠው፤ የራሱን መነጽር አውልቆ ልጁ ዓይን ላይ አደረገለት። ባዶ የውኃ ፕላስቲክ ከግንቡ ሥር አቆመ። ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ አሳየው። ልጁ ሽጉጡን ተቀብሎ ወደ እኔ ዞር ሲል፣ የእህቴ ልጅ አፈሙዙን በቀስታ ወደ መሬት መለሰው።

"ባዶ ነው እኮ!" አለ ልጁ።

"ባዶ የሚባል የለም" አለው።

ሦስት ጊዜ ሳተ። በአራተኛው መታ። ልብስ ሰፊዎቹ አጨበጨቡለት።

እኔ እዚያው ቆሜ፣ ፊቱ ላይ ሳሙና እንደተለቀለቀ ሮጦ የገባውን ሰው አስብ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ ከዘመዶቹ አንድ ሰው ምናልባት ይህን ቢያነብ፣ ይኸው በጽሑፍ ልበለው፤ በዚያች ቀን ያባረቀው እሱ አልነበረም። እኔ ነኝ።