ሆለታ ውሰዱኝ
አባባ ዘንድሮ ለመስቀል ጋቢ እንዳንገዛላቸው አስጠንቅቀውናል። «ሆለታ ውሰዱኝ» ነው ያሉት፤ ወታደርነት የተማሩበትን ግቢ ሊያዩ። እኛ ከወልቂጤ በወሊሶ በኩል፣ እህቴ ደግሞ ከቡታጅራ ተነስታ ዓለም ገና ላይ እንገናኛለን። ሁለቱ መንገዶች የሚገጥሙት እዚያ ነው። ከዚያ በአዲስ አበባ አድርገን የአምቦን መንገድ መያዝ ነው።

ለልጆቹ የማወራላቸውን ከአሁኑ እያሰብኩ ነው። ትምህርት ቤቱን በ1927 ያስጀመሩት የስዊድን መኮንኖች ናቸው፤ አለቃቸው ሻምበል ቪኪንግ ታም። ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን ወረረን። አዲስ አበባ በ1928 ስትያዝ፣ ኮርሳቸውን እንኳ በቅጡ ያልጨረሱ ዕጩ መኮንኖች ወለጋ ገብተው የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሆኑ። እኔ እዚህ ላይ ሆዴ ይባባል። ልጄ ግን መጠየቁ ስለ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነው፤ እሳቸውም የሆለታ ምሩቅ ናቸውና።

ወታደራዊ ግቢ ዘው ተብሎ አይገባበትም፤ ፈቃድ መጠየቅ አለብን። ካልተሳካ አባባ «ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ባየውም ይበቃኛል» ብለዋል። እናቴ የምታስበው ለስንቁ ቆጮ ብቻ ነው።

ትናንት ማታ ጥቁር ጫማቸውን በጨርቅ ሲወለውሉ አገኘኋቸው። ጉዞው ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።