ስምህን ጻፍበት

የእናቴ ልጅ፣ ውድ ወንድሜ፤

የሸሕዲ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እማ ጉልበቷ ትንሽ ተሽሏታል፤ ስላንተ መጠየቅ ግን አትጠግብም።

ባለፈው ስትደውል ድምፅህ ልክ አልነበረም። የሰሊጡን ፎቶህን አንድ የፌስቡክ ገጽ የራሱን ሎጎ ለጥፎ አወጣው ብለህ፣ ቀጥለህም «ካሜራውን ልሸጠው ነው» ስትል አንጀቴ ተላወሰ። ያን ፎቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! ልጁ የደረቀውን ነዶ ዘቅዝቆ ሸራው ላይ ሲያራግፍ፣ ፍሬው ገና አየር ላይ ሳለ ነው የያዝኸው። ከኋላው ያለው ሰውዬ ከአቧራው ሽሽት አፍንጫውን በሻሹ ሸፍኗል። እንዲህ ያለ ፎቶ ፀሐይ ላይ ሳይቆሙ አይገኝም።

ስለዚህ ሕጉን አገላብጬ አነበብሁልህ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን እንደ መጽሐፍና እንደ ዜማ ሁሉ የፈጠራ ሥራ ይለዋል። አንቀጽ 6 ላይ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፤ እባክህ ልብ በለው። ፎቶ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ከሆነ፣ በመጽሐፍ ከታተመ፣ ወይም የአንሺውን አለዚያም የወኪሉን ስም ወይም አድራሻ ከያዘ ብቻ ነው። አንተ ደግሞ ፎቶህን ባዶውን ትለቀዋለህ!

ዘመኑም አጭር ነው። ደራሲ ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ ወራሾቹ 50 ዓመት መብቱ ይጠበቅላቸዋል፤ ለፎቶ የተሰጠው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። በ20 ዓመትህ ያነሳኸው 45 ሲሞላህ የማንም ይሆናል ማለት ነው። ይህ ፎቶ አንሺን መበደል ነው እላለሁ።

ሁሉንም ክልክል ነው አትበል ደግሞ። አንድ ሰው ለግሉ አንድ ቅጂ ቢይዝ፣ መምህር ለትምህርት ቢጠቀምበት፣ ጸሐፊ ስምህንና ምንጩን ጠርቶ በልኩ ቢጠቅሰው ሕጉ መንገድ ይሰጣል። ሎጎ ለጥፎ የራስ ማድረግ ግን ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይገባም።

እንዳንተው ፎቶውን የተቀማ ዳንኤል ሞሬል የሚባል የሄይቲ ፎቶ አንሺ አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ርዕደ መሬቱ ፖርቶፕሪንስን ሲያፈራርሳት ያነሳውን ትዊተር ላይ አወጣ። ሌላ ሰው የኔ ነው ብሎ ለጠፈው፤ አዣንስ ፍራንስ ፕሬስም ፎቶዎቹን ወስዶ በጌቲ ኢሜጅስ ጭምር ለዓለም አሰራጫቸው። ትዊተር ላይ ስለወጣ መጠቀም ይቻላል የሚለው ክርክር አላዋጣቸውም፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት። ከመከራ ቦታ የተነሳ ፎቶም ባለቤት አለው። አንተም ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ፣ ከገላባት ወደ መተማ ዮሐንስ የተሻገሩትን ያነሳህ ልጅ ነህ።

እነዚያም ሰዎች መብት አላቸው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም ይላል። በአደባባይ ለሆነና ሕዝብን ለሚመለከት ነገር ቀጣዩ አንቀጽ ቢፈቅድም፣ ሰሊጥ የሚያራግፈውን ልጅ ሄደህ ጠይቀው። የሚያስፈቅድ ሰው ሲቀሙት አፉን ሞልቶ ይከራከራል።

ከእንግዲህ ፎቶ ከእጅህ ሳይወጣ ስምህን ጻፍበት። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስትልከው ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው መረጃ ስለሚጠፋ ለሚገዛህ ሰው ቅጂውን በፋይል ላክ፤ ኦሪጅናሉን ግን ካንተ አታውጣ። የወቅቱን የሰሊጥ ፎቶዎች ሰብስበህ አንድ አልበም አድርጋቸው፤ ማሳተሚያውን እኔ እረዳሃለሁ። ለዚያ ገጽ የሚላከውን ደብዳቤ አርቅቄልሃለሁ፤ አንብበህ፣ ቀን ጽፈህ ፈርምበትና ላከው። ካሜራውን እንዳትሸጥ።

የምትወድህ እህትህ
ከጎንደር