የደጋ ልጅ፣ የቆላ አሸዋና ሞተር ሳይክል

ከሞላሌ የመጣ ሰው ስለ ሙቀት ልጻፍ ሲል እንደሚያስቅ እናውቃለን። ይህን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን እንደምናዘጋጅ በመኝታ ክፍላችን ስናወራ፣ አንዱ ጓደኛችን «እናንተ እኮ ግንቦት ላይም ባና ደርባችሁ ነው የምትተኙት፤ ይልቅ ስለ ውርጭ ጻፉ» ብሎ አሾፈብን። እውነቱን ነው። ሞላሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች የመንዝ ከተማ ናት። በርኖሱም ባናውም በከንቱ አልተፈጠረም። ይሁን እንጂ ስለ ሙቀት መማርም ሆነ መጻፍ ያለበት የደጋው ልጅ ነው ባዮች ነን። ቆለኛው ሙቀቱን ያውቀዋል፤ እንግዶቹ እኛ ነን።

ነገሩ ከሞተር ሳይክል ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ በእኛ አገር ሞተር ሳይክል ሲባል፣ የግብርናው ወይም የጤናው ሠራተኛ የሚነዳት ያማሃ ነበረች። ዛሬ የሰፈራችን ወጣት ቦክሰር ገዝቶ በገበያ ቀን ሰው ያመላልስባታል፤ ገበያው ሲበተን ደግሞ ከባልንጀራው ጋር ሜዳ ላይ ይሽቀዳደምባታል። ሞላሌ የሞተር መሽቀዳደሚያ የላትም። ፈረስ የሚጋለብበት መስክ ግን ሞልቶናልና ልጆቹ እዚያው ይጀምራሉ። ሲለምዱት መስኩ ይጠባቸዋል። በመዘዞ አድርገው ጣርማ በር ይወጣሉ፤ ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ያልፉና በደብረ ሲናና በአርማንያ ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ይገባሉ። እዚያ በበጋ የደረቀ የወንዝ አሸዋ አለ። የቆላው ልጆች ጎማ ቀብረው፣ ድንጋይ ደርድረው መንገድ ያበጁበታል። ሽልማት ቢኖር አንድ ሳጥን ለስላሳ ነው፤ እሱም ከተሸናፊው ኪስ ነው የሚወጣው።

ቁልቁለቱ ከ1,500 ሜትር በላይ ያወርዳል። አየር ከፍታ ሲቀንስ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፣ ጧት ሞላሌ ላይ እጁ በብርድ የደነዘዘ ነጂ ከሰዓት በኋላ ሌላ አገር ውስጥ ነው። ሞተሯም እንዲሁ። በሞላሌ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በሲሶ ገደማ የሳሳ ነውና፣ መካኒኩ በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን የናስ ቀዳዳ በጠባብ ይለውጣታል። ልክ ነው፤ እንዲያ ባያደርግ ኖሮ ጥቁር ጭስ ትተፋ ነበር። ሞተሯ ቆላ ስትወርድ ግን ወፍራም አየር ታገኛለች። መጀመሪያ ጉልበቷ ይጨምርና ነጂው «ዛሬ ምን ነካት!» እያለ በደስታ ይሰክራል። ቤንዚኑ ግን ለዚያ አየር አይበቃም፤ ሳስቶ የሚነድ ቤንዚን ደግሞ ሲሊንደሩን ከልክ በላይ ያግለዋል። ሞተሯ የምትበርደው በንፋስ ነው፤ አሸዋ ላይ በአንደኛ ማርሽ እየጮኸች ስትንፏቀቅ ያ ንፋስ አይገኝም። ካንዴላውን ፈትቶ ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ ቡናማ ከሆነ ደህና፣ ከነጣ ግን ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ ተቃርቧል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የደከምንበት ያለ ምክንያት አይደለም። የደጋው ልጅ አካልም ልክ እንደ ሞተሯ ነው፤ ለሌላ አየር ተስተካክሎ ይመጣል።

ባለፈው የእረፍት ጊዜ ከመካከላችን ሦስታችን ሰዓት ለመያዝ እዚያው አሸዋ ዳር ነበርን። ሽቅድድሙ የተጀመረው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ተመልካች የሚገኘው ያን ጊዜ ነው ተባለ። ከወዲያኛው ቀበሌ የመጣ የአገራችን ልጅ ወፍራም ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሄልሜቱን አጥልቆ ገባ። ጃኬቱ ከመውደቅ ያድነዋልና አልተሳሳተም። ሦስት ዙር መራ። በአራተኛው ፊቱ ደርቆ፣ ላብ የሚባል ሳይኖርበት መጣ። በአምስተኛው መንገዱን ስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ሄደና ቆመ። አልወደቀም፤ እንዲያው ቆመ። ስንደርስበት «በጎቹን ማን መለሰ?» አለን። ሣቅን። ደግሞ «በጎቹን ማን መለሰ?» አለ፤ ያኔ ሣቁ ጠፋ።

ልጆቹ ባጃጅ ጠርተው ወደ ጤና ጣቢያ ሊጭኑት ሲራወጡ፣ አጠገባችን ሽንኩርት ሲያጠጡ የነበሩ አንድ ጋሼ ደረሱና «ቆይ! መጀመሪያ ልብሱን አውልቁለት! ከቦዩ ውስጥ አስተኙት፣ ራሱን ደግፋችሁ ያዙት!» ብለው ጮኹ። ውሃ እየቀዱ በአንገቱ፣ በብብቱ፣ በብሽሽቱ አፈሰሱበት፤ በነጠላቸውም አራገቡለት። አንዱ ኮዳ አምጥቶ ሊያጠጣው ሲል «አእምሮው ሳይመለስ አፉ ውስጥ አትጨምሩ፣ ትንቅ ይለዋል» ብለው ከለከሉ። ከሩብ ሰዓት ያህል በኋላ ልጁ ስማቸውን ጠየቃቸው። ወደ ጤና ጣቢያ የተወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ደህና ነው።

እኒያ ሰው ያደረጉት ሁሉ የሕክምና መጻሕፍት ከሚሉት ጋር ይስማማል። የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ሰው መቀባዠር ሲጀምር ማብረድ ይቀድማል፤ ማጓጓዝ ይከተላል።

«ሞተሩ ነው የሚሮጠው፣ ነጂው ተቀምጦ ምን ያደክመዋል?» የሚል አይጠፋም። የሳይንስ መምህሮቻችን ቢያርሙን ደስ ይለናል እንጂ፣ አሸዋ ላይ የሚነዳ ሰው አይቀመጥም። በእግሩ መርገጫ ላይ ቆሞ፣ ሞተሯን በጉልበቱ ጨምቆ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይታገላል፤ የልቡም ምት በደቂቃ ከ180 ሊያልፍ ይችላል። ጡንቻችን ከሚያነደው ጉልበት ደግሞ ሥራ የሚሆነው ከሩብ አይበልጥም፤ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ይህን የሚያወጣልን ላብ ነው። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይዞ ይሄዳል። በጃኬት ውስጥ ታፍኖ የሚንጠባጠበው ግን ከማራስ በቀር አያበርድም። «ንፋሱ ያቀዘቅዘኛል» የሚለውም ልብ ይበል፤ አየሩ ከቆዳችን ሙቀት፣ ማለትም ከ35 ዲግሪ ገደማ፣ ካለፈ ንፋሱ ራሱ ሙቀት ይጨምራል።

የምሥራቹ፣ አካል እንደ ካርቡራቶር መፍቻ ሳያስፈልገው ይስተካከላል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በሙቀቱ ውስጥ የሠራ ሰው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ላቡ ቶሎ ይመጣለታል፣ ጨው የሚያባክነውም ይቀንሳል። የእኛ ልጅ ግን ጧት ወርዶ፣ ከሰዓት ተሽቀዳድሞ፣ ማታ ሊመለስ ነበር።

ይህ በድሃ አገር አሸዋ ላይ ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ። ቲየሪ ሳቢን የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1977 በሞተር ሳይክል ውድድር ላይ ሳለ በሰሃራ በረሃ ጠፍቶ ከሞት ከተረፈ በኋላ፣ የፓሪስ–ዳካርን ውድድር መሠረተ። በታኅሣሥ 1978 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ ከተነሡት 182 ተሽከርካሪዎች ዳካር የደረሱት 74 ብቻ ነበሩ፤ በሞተር ሳይክል አንደኛ የወጣው ሲሪል ኔቮ የነዳው ያማሃ ነው። በዚያ ውድድር እስከ ዛሬ ረዳትና መካኒክ የሌላቸው፣ መፍቻቸውን በአንድ ሣጥን ይዘው ማታ ማታ ሞተራቸውን ራሳቸው የሚጠግኑ አማተሮች አሉ። እኛ የምናደንቀው ከአሸናፊዎቹ ይልቅ እነርሱን ነው። ውድድሩ ወደ ደቡብ አሜሪካ ከተዛወረ በኋላ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ሚሃል ሄርኒክ የተባለ ፖላንዳዊ ነጂ አርጀንቲና ውስጥ ከመንገዱ ጥቂት ወጣ ብሎ ሞቶ ተገኘ። የግጭት ምልክት አልነበረም፤ ምርመራው ያመለከተው የሰውነት ሙቀት ከልክ ማለፉንና የውሃ ማነስን ነው። ሄሊኮፕተርና ሐኪም ባለበት ውድድር ይህ ከሆነ፣ በእኛ አሸዋ ላይ ያለው ሽንኩርት የሚያጠጣ ሰው ብቻ ነው።

አባቶቻችን ጉግስ የተጋለበውን ፈረስ ወዲያው አያስሩትም። ላቡ እስኪበርድ እየጎተቱ ያንሸራሽሩታል፣ ትንፋሹን ያዳምጣሉ፣ ጎኑን ይዳስሳሉ። ልጁን ግን «በርታ! አንድ ዙር ብቻ!» ነው የምንለው።

ነገሩ ለእኛ ለሰልጣኞች ከጨዋታም ያልፋል። ስንመረቅ ምደባው ወዴት እንደሚጥለን አናውቅም፤ ከደጋ የመጣ ቆላ ሊደርሰው፣ ትምህርት ቤቱም ከዋናው መንገድ በሞተር የሚደረስበት ሊሆን ይችላል። በዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ በእረፍት ሰዓት ኳስ የሚያሯሩጡ ልጆች ይጠብቁናል።

የሚቀጥለው ሽቅድድም ለግንቦት ተቀጥሯል፤ አሁንም ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ። ጧት 1 ሰዓት ይደረግ፣ ከየሁለት ዙሩ በኋላ ጥላ ሥር እረፍት ይኑር፣ ጨው ጣል የተደረገበት ውሃና አንድ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ይዘጋጅ ብለን ለአዘጋጆቹ ላክን። «በርሜሉን እሺ፤ ጧት ግን ማን ተመልካች ይመጣል?» የሚል መልስ መጣ። ከሞላሌ ከሚወርዱት ሦስት ነጂዎች ሁለቱ፣ ሰዓቱ ካልተለወጠ እንደማይገቡ ነግረውናል። ሦስተኛው በጎቹን የጠየቀን ልጅ ነው፤ እስካሁን መልስ አልሰጠንም።