ማሽኑ ለምን አይጠብቀንም?

በቤተ ክርስቲያናችሁ ሁለት ኪቦርዶች ኖረው አንደኛው “ጊዜው አልፎበታል” ተብሎ ጥግ ይዞ ከሆነ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ጀርባውን አዙራችሁ ተመልከቱልኝ። አምስት ቀዳዳ ያለው ክብ ሶኬት ካለው ገና ብዙ ያገለግላችኋል። እኔ የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ። በትንሿ ጉባኤያችን ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ባለቤቴም ከመዘምራኑ ጋር ታገለግላለች። እንግዲህ ይህን የምጽፍላችሁ ጉዳይ በልምምድ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በእራት ገበታችንም ላይ ብዙ የተነጋገርንበት ነው።

ሶኬቱ ሚዲ ይባላል። ብዙ ሰው በኬብሉ ውስጥ ድምፅ የሚያልፍ ይመስለዋል፤ አያልፍም። የሚያልፈው መልእክት ነው። ዶን ስትጫኑ ኪቦርዱ “በቻናል 1 ቁጥር 60 ተነካ፣ ኃይሉም 90 ነው” ብሎ ይልካል። ጣታችሁን ስታነሡ ደግሞ “60 ተለቀቀ” ይላል። ተቀባዩ ይህን አንብቦ በገዛ ድምፁ ያሰማል። ላኪው በፒያኖ ድምፅ ሲጫወት ተቀባዩ በዋሽንት ሊመልስ ይችላል። ቁጥሮቹ ከ0 እስከ 127፣ ቻናሎቹ 16 ናቸው። አንዱ መልእክት ለመድረስ የሚፈጅበት የሰከንድ አንድ ሺህኛ ያህል ስለሆነ ጆሮ መዘግየቱን አይለየውም። የእኛ አሮጌ ኪቦርድ ቁልፎቹ ላልተዋል፣ ድምፁ ግን ደህና ነው፤ ስለዚህ በአዲሱ ቁልፎች እየተጫወትነው ያገለግለናል።

ከሐይቅ ወደ ሰሜን ስትጓዙ አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ታገኛላችሁ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን ውል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንቀጽ 17 በአማርኛው ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር ስትላላክ በኢጣልያ መጠቀም እንደምትችል ሲናገር፣ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። አንዱ የላከውን ሌላው በሌላ ትርጉም አነበበው፤ ነገሩም በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ። ይህን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካዎችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 አሜሪካ ውስጥ በተካሄደ የንግድ ትርኢት ላይ ግን የአሜሪካው ሴኩዌንሻል ፕሮፌት 600 እና የጃፓኑ ሮላንድ ጁፒተር 6 በአንድ ኬብል ተገናኝተው ተግባቡ። ተፎካካሪ ነጋዴዎች በአንድ ዓይነት አነጋገር ተስማምተው፣ ሌላውም ሁሉ እንዲጠቀምበት ክፍት ተዉት። የሐሳቡ ዋነኛ አመንጪዎች ዴቭ ስሚዝና ኢኩታሮ ካኬሃሺ በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። አሮጌው ኪቦርዳችን ከአዲሱ ጋር የሚግባባው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ሚዲ የማይልከው ነገርም አለ። የአካባቢያችንን ስም የያዘውን የአምባሰል ቅኝት ውሰዱ። ከዶ ብትጀምሩ 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68 ብሎ ይልከዋል። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ቤታቸውን ፋ ላይ አድርጋችሁ ብትጫወቷቸው ግን ትዝታ ማይነር ይሆናሉ! ቁጥሮቹ ያው ናቸው። ዜማው የቱ ላይ እንደሚያርፍ የሚያውቀው ዘማሪው እንጂ ኬብሉ አይደለም። በግራ እጃችሁ የፋ ማይነርን ኮርድ አጥብቃችሁ ከያዛችሁ አምባሰሉ ወደ ትዝታ ሲጎተት ትሰማላችሁ። ስለዚህ ኮርድ ብታሳንሱ እመርጣለሁ።

ደግሞም ባለቤቴ ያችን ሁለተኛዋን ድምፅ ስትዘምር ከቁልፉ ጥቂት ትለያለች። በድምፅ ማጠፊያው ተሽከርካሪ ልከተላት ብል፣ በዚያ ቻናል ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይታጠፋል። መፍትሔው ዜማውን ለብቻው በአንድ ቻናል፣ ኮርዱን በሌላ ማድረግ ነው። በ2020 የወጣው ሚዲ 2.0 እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው ለማጠፍ ያስችላል፤ ለዚያ ግን አሮጌው ኪቦርዳችን አይደርስም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አንድ ማታ ባለቤቴ “ማሽኑ ለምን አይጠብቀንም?” አለችኝ። እናቶች መዝሙሩን በዝግታ ጀምረው እያጨበጨቡ ሳለ የኪቦርዱ ሪትም ጥሏቸው ይሄዳል። እነርሱም ጭብጨባውን ትተው ዝም ይላሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጉባኤው ከዘማሪነት ወደ ተመልካችነት ሲለወጥ የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ሁለት ማሽኖች በአንድ ፍጥነት የሚሄዱት አንደኛው ለሌላው የሰዓት ምልክት ስለሚልክ ነው። ለእያንዳንዱ ምት 24 ምልክት ይልካል፤ በደቂቃ 120 ምት ከሆነ በሰከንድ 48 ማለት ነው። ጀምር፣ አቁም፣ ቀጥል የሚሉ መልእክቶችም አሉ። መሪው “ኢንተርናል”፣ ተከታዩ “ኤክስተርናል” ላይ መሆን አለበት። ሁለቱም ኢንተርናል ከሆኑ አብረው ቢጀምሩም ውሎ አድሮ ይለያያሉ። ኤክስተርናል ላይ ተደርጎ ኬብሉ የተነቀለ ኪቦርድ ደግሞ ሪትሙ ጨርሶ አይነሣም። “ተበላሽቷል” ተብሎ ጥገና ቤት ሊወሰድ የነበረ፣ ነገር ግን ምልክት ከመጠበቅ በቀር ምንም ያልሆነ ኪቦርድ አይቻለሁ። እባካችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አረጋግጡ።

ታዲያ እናቶች በኬብሉ ላይ የሉም። ከበሮውም ሶኬት የለውም። ማሽኑ የሚሰማው ማሽንን ብቻ ስለሆነ፣ የጉባኤውን ምት ወደ ማሽኑ የሚያደርስ ሰው ያስፈልጋል፤ እርሱም ኪቦርድ ተጫዋቹ ነው። በብዙ ኪቦርዶች ላይ ታፕ ቴምፖ የሚባል ቁልፍ አለ። ጭብጨባውን እየሰማችሁ አራት ጊዜ ስትመቱት ፍጥነቱን ከእናንተ ይወስዳል፤ ከእርሱም ሁለተኛው ይቀበላል። አዝማቹ ላይ ሕዝቡ መፍጠኑ አይቀርም (ደስታ ነውና!)፤ ያን ጊዜ ደግማችሁ መምታት ነው። ያለ ምት በሚጀመረው የአምባሰል መግቢያ ላይ ግን ሪትሙን ማጥፋት ይሻላል።

ወጣት ወንድሞች በዚህ አይስማሙም። “ሪትም ከተለዋወጠ ሙያ የለም” ይላሉ። ለስቱዲዮ ቀረጻ ከሆነ እውነታቸውን ነው፤ በየተራ የሚቀረጹ ድምፆች የሚገጥሙት በአንድ ሰዓት ሲመሩ ነው። እሑድ ጠዋት ግን የሚቀረጽ ነገር የለንም።

ባለቤቴ ከዚህም አልፋ የመጀመሪያው መዝሙር በሙሉ በከበሮና በጭብጨባ ብቻ ይሁን ትላለች። እኔ ቢያንስ የአሮጌው ኪቦርድ ድምፅ ከሥር ይግባ ባይ ነኝ። እስከ ፋሲካ በእርሷ ሐሳብ እንሞክረው ተባብለናል።